አልጠፋ ያለ የሞተር መብራት፦ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት እንዴት ትመረምሩታላችሁ?

በሳምንት ቢያንስ ሁለት ሦስት ሰው ይደውልልኛል። ጥያቄው አንድ ነው። "ቼክ ኢንጅን በርቶ አልጠፋ አለኝ። ሴንሰር ነው ተባልኩ። የቱን ልግዛ?"

ደሴ ውስጥ የመኪና ኤሌትሪክ እሠራለሁ። መልሴም አንድ ነው፦ ገና ምንም አትግዙ። መብራቱ የሚበራው ኮምፒውተሩ ያልጠበቀውን ነገር ሲያይ ነው። የትኛው ዕቃ እንደተበላሸ ግን አያውቅም። እሱን የምታገኙት እናንተ ናችሁ፣ በምርመራ። አብዛኛውን ደግሞ ግቢያችሁ ውስጥ፣ በእጃችሁ መሥራት ትችላላችሁ።

መመሪያው በዋናነት እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ እስከ 2000ዎቹ መጨረሻ ለተሠሩ የቤንዚን ቶዮታዎች ነው፤ ኮሮላ፣ ያሪስ፣ ቪትዝ የመሳሰሉት። ሌላ መኪና ከሆነ አካሄዱ ያው ነው፣ ቁጥሮቹ ግን ይለያያሉ። አብዛኛው ባለ ካርቡራተር መኪና ይህን መብራት የሚያበራ ኮምፒውተር የለውም።

መጀመሪያ ቀለሙን እዩ

ቀይ መብራት ከሆነ ይህ መመሪያ ይቆይ። መኪናውን ዳር አስይዙ።

ቀይ የዘይት ምልክት፦ ሞተሩን ወዲያው አጥፉ። የዘይት ግፊት የለም ማለት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሆኖ ጥቂት ደቂቃ መንዳት ሞተር ይጨርሳል። ዘይቱን ለኩ፤ ልኩ ደህና ሆኖ መብራቱ ካልጠፋ መኪናው ተጎትቶ ይሂድ።

ቀይ የሙቀት ምልክት፦ አቁሙ፣ አጥፉ፣ ጠብቁ። የራዲያተሩን ክዳን በጋለበት አትክፈቱ። ደሴ ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ራዲያተር ውስጥ ከዚያ በላይ ሞቆ የማይፈላው ክዳኑ ግፊት ስለያዘለት ነው። ክዳኑን ስትከፍቱ ግፊቱ ይለቃል፣ ውሃው ባንዴ ፈልቶ ፊታችሁ ላይ ይወጣል።

ቀይ የባትሪ ምልክት፦ ዲናሞው እየሞላ አይደለም። ቺንጋው ተበጥሶ ወይም ላልቶ እንደሆነ እዩ። በአንዳንድ መኪና ያው ቺንጋ የውሃውን ፓምፕም ስለሚያዞር ሞተሩ ይግላል።

ቀይ የፍሬን ምልክት፦ የእጅ ፍሬን ያልተፈታ ከሆነ ፍቱትና እዩ። እሱ ካልሆነ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ አትውረዱ። ይሄን አጥብቄ ነው የምለው። መንገዱ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል። ብዙ ሰው "ቁልቁለቱ ላይ ብልጭ ብሎ ጠፋ፣ ሜዳ ስደርስ ደህና ሆነ" ይለኛል። ደህና አልሆነም። መኪናው ሲያዘነብል ወይም ሲታጠፍ በዕቃው ውስጥ ያለው የፍሬን ዘይት ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፤ መጠኑ ዝቅ ካለ ያኔ መብራቱ ይበራል። ዘይቱ ዝቅ ያለው ደግሞ የፍሬን ሸራ ስላለቀ ነው፣ ካልሆነም የሆነ ቦታ ስለሚያንጠባጥብ። ዘይት ጨምሮ መሄድ ብቻ መፍትሔ አይደለም።

ቢጫ የሞተር ቅርጽ ከሆነ ወደ ሥራው እንግባ። ግን አንድ ነገር ለዩ። ሳይቋረጥ የበራ ከሆነ ቀስ ብላችሁ ወደ ቤት መንዳት ትችላላችሁ። ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነና ሞተሩ ከተንቀጠቀጠ አንዱ ሲሊንደር ቤንዚኑን አያቃጥልም ማለት ነው። ያልተቃጠለው ቤንዚን ጭስ ማውጫው ውስጥ ገብቶ ይነድና የጭሱን መርዝ የሚቀንሰውን ካታላይተር ያቀልጠዋል። ዳገት አትውጡበት፤ አቁሙ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- እስክሪብቶና ወረቀት። ይሄ ከሁሉም ይበልጣል።
- የኮድ አንባቢ፣ ኮምፒውተሩ የመዘገበውን የጥፋት ቁጥር (ኮድ) የሚያነብ። ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የሚገናኘው ትንሹ ኢኤልኤም 327 ይበቃል።
- ለቆዩ ቶዮታዎች አጭር ሽቦ ወይም የወረቀት ክሊፕ።
- ቴስተር፣ ቮልትና ኦም የሚለካ።
- 10 እና 12 ቁልፍ፣ የካንዴላ ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ።
- ውሃ የሚረጭ ትንሽ ጠርሙስ።
- የአየር ፍሰት ሴንሰር ማጽጃ ስፕሬይ።
- የእጅ ባትሪ፣ ጨርቅ፣ የጎማ ታኮ።

ማስጠንቀቂያ፦ ጋራዥ ወይም ግቢ በር ዘግታችሁ ሞተር አታስነሱ። ደሴ ሲበርድ በር መዝጋት ይቀናናል። የጭስ ማውጫው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ፣ በእጅ ፍሬን ያዙ፣ ታኮ አድርጉ። ነጠላና ሻርፕ አውልቁ፤ ማራገቢያው ድንገት ይነሳል።

1. መብራቱ ራሱ መሥራቱን አረጋግጡ

ቁልፉን አዙሩ፣ ሞተር ግን አታስነሱ። ቢጫው የሞተር ምልክት መብራት አለበት። ስታስነሱ ይጠፋል።

ቁልፍ ሲዞር ጭራሽ የማይበራ ከሆነ አምፖሉ ተቃጥሏል፣ ወይም ሰው ሆን ብሎ አውጥቶታል። ያገለገለ መኪና ስትገዙ ይሄን ሳታዩ ብር አትቁጠሩ።

2. መቼ እንደሚበራ ጻፉ

ጠዋት ቀዝቅዞ ሲነሳ ነው? ሲሞቅ ነው? ሜዳ ላይ ወይስ ዳገት ላይ? ዝናብ ወይም ጉም ሲሆን? ቤንዚን ከቀዳችሁ በኋላ? ሞተር ከታጠበ በኋላ? ታንኩ ውስጥ ምን ያህል ነዳጅ ነበር?

ይሄ ተራ ጥያቄ ይመስላል። ግን ግማሹ ምርመራ እዚህ ያልቃል። በሐምሌና በነሐሴ ጉም ሲወርድ ጠዋት ጠዋት ብቻ የሚያስቸግር መኪና አብዛኛውን ጊዜ እርጥበት የገባበት ቦቢና (ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው ዕቃ) ወይም ሶኬት ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ስትጀምሩ ብቻ የሚበራ ከሆነ ደግሞ ጫና ሲበዛ የሚጋለጥ ችግር ነው፤ የነዳጅ ፓምፕ፣ የተደፈነ ፊልትሮ፣ የደከመ ቦቢና፣ የተሰነጠቀ ቱቦ።

3. በነጻ የሚታየውን እዩ

ኮድ ከማንበባችሁ በፊት ኮፈኑን ክፈቱ።

- የነዳጅ ታንኩን ክዳን እስኪጮህ አጥብቁ። አንዳንድ መኪና የቤንዚን ትነት ሲያመልጥ መብራት ያበራል።
- የአየር ማጣሪያውን አውጥታችሁ ወደ ፀሐይ ያዙት። ብርሃን ካላሳለፈ አየርም አያሳልፍም።
- የሞተር ዘይትና የራዲያተር ውሃ ለኩ። ውሃውን ሞተሩ ቀዝቅዞ ብቻ።
- ባትሪውን በቴስተር ለኩ። ሞተር ጠፍቶ ካደረ ከ12.4 እስከ 12.7 ቮልት። ሞተር ሲሠራ ከ13.5 እስከ 14.7 ገደማ።
- ባትሪው ላይ ያሉትን ማሰሪያዎች በእጅ ነቅንቁ። መነቃነቅ የለባቸውም። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ካለ ባትሪውን ፈታችሁ አጽዱ። መጀመሪያ ኔጋቲቩን ፍቱ፣ ስትመልሱ እሱን መጨረሻ እሰሩ።
- ማሳውን፣ ማለትም ከሞተር ወደ ቦዲ የሚሄደውን ወፍራም ገመድ፣ እዩ።

የቮልቱ ነገር ለምን? ሴንሰሮቹ ሁሉ ለኮምፒውተሩ የሚናገሩት በቮልት ነው። ባትሪው ከደከመ ወይም ማሳው ከዛገ ሁሉም አንድ ላይ የተሳሳተ ነገር ያወራሉ። እርስ በርሱ የማይገናኝ አራት አምስት ኮድ ባንዴ ከመጣ አራት አምስት ሴንሰር ባንድ ቀን አልሞተም። ባትሪና ማሳ ነው መጀመሪያ የሚጠረጠረው።

ማሳውን እንዲህ ፈትሹ፦ ሞተሩን አስነሱ፣ ትልቁን መብራት አብሩ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ንጹሕ ብረት ላይ አድርጉ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ ማሳው ታማኝ አይደለም። ፈታችሁ እስኪያብረቀርቅ ፍቁትና መልሳችሁ አጥብቁ።

4. ኮዱን አንብቡ፣ ሳትሰርዙ

ሀ. ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት መኪና

ከመሪው ሥር፣ ጉልበታችሁ አካባቢ ሶኬት ታገኛላችሁ። አንባቢውን ሰኩ፣ ቁልፉን አዙሩ፣ በስልኩ አፕሊኬሽን ኮዱን አንብቡ። ለአሜሪካ ገበያ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ፣ ለአውሮፓ ደግሞ ከ2001 ጀምሮ የተሠሩ የቤንዚን መኪኖች በዚህ ይነበባሉ።

ለጃፓን ገበያ ወይም ለሌላ አካባቢ የተሠራ መኪና ግን ሶኬቱ ያው ሆኖ ርካሹ አንባቢ ላያናግረው ይችላል። አንባቢው "አልተገናኘም" ሲል ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል ብላችሁ አትደንግጡ። ቋንቋቸው ሳይገጥም ቀርቶ ነው። ቶዮታን በሚያናግር ማሽን አስነብቡት።

ከኮዱ ጋር "ፍሪዝ ፍሬም" የሚል ገጽ ካለ እሱንም ፎቶ አንሱ። መብራቱ በበራባት ቅጽበት ፍጥነቱ፣ የሞተሩ ዙር፣ ሙቀቱ ስንት እንደነበር ያሳያል። ኮዱን ስትሰርዙ ይሄም አብሮ ይጠፋል። "አጥፍቼው መጣሁ" ስትሉኝ የማዝነው ለዚህ ነው፤ ማስረጃው አብሮ ሄዷል።

ለ. የቆየ ቶዮታ፣ በብልጭታ የሚናገር

ኮፈኑ ሥር "ዲያግኖሲስ" የሚል ክዳን ያላት ትንሽ ጥቁር ሳጥን አለች። ክዳኑን ስትገለብጡት የቀዳዳዎቹ ስም ተጽፏል። ቁልፉ ጠፍቶ ሳለ "ቲኢ1" (TE1) እና "ኢ1" (E1) የሚሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በሽቦ አገናኙ። ከዚያ ቁልፉን አዙሩ፣ ሞተር አታስነሱ። ዳሽቦርዱን በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹ። በዓይን ቆጥሮ መሳሳት ቀላል ነው።

ሳይቋረጥ፣ በእኩል ፍጥነት ብልጭ ብልጭ ካለ የተመዘገበ ጥፋት የለም። ኮድ ካለ ግን ይቆጥራል። ሁለት ጊዜ ብልጭ፣ ትንሽ ዝም፣ አምስት ጊዜ ብልጭ ካለ 25 ነው። ሌላ ኮድ ካለ ረዘም ያለ ዝምታ አድርጎ ከትንሹ ወደ ትልቁ ይቀጥላል። በብዙ ቶዮታዎች 21 የኦክስጅን ሴንሰር (ጭስ ማውጫው ላይ ያለው)፣ 22 የውሃ ሙቀት ሴንሰር፣ 25 ቤንዚኑ ከአየሩ ማነሱ፣ 26 መብዛቱ፣ 41 የስሮትል (ነዳጅ ሲረገጥ የሚከፈተው የአየር በር) ሴንሰር፣ 52 የኖክ (የሞተር ማንኳኳት የሚሰማው) ሴንሰር ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ከነዚህ ሁለት ቀዳዳዎች ውጭ ምንም አታገናኙ። እዚያው ሳጥን ውስጥ የባትሪ መስመር አለ። ስሙን አንብባችሁ እርግጠኛ ካልሆናችሁ ተዉት።

5. ኮዱን እንደ ጥቆማ ያዙት

ኮዱ የሚናገረው ችግሩ የታየበትን ቦታ ነው። ችግሩ የተነሳው ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። ፒ0171 የሚለውን እንውሰድ፤ እዚህ አካባቢ ደጋግሜ የማየው ኮድ ነው። ትርጉሙ "ከአየሩ አንጻር ቤንዚኑ አነሰ" ነው። ይሄን ያየው ኦክስጅን ሴንሰር ነው። ሰው ታዲያ ኦክስጅን ሴንሰሩን ይቀይራል።

ባለፈው ክረምት ከኮምቦልቻ ደሴ የሚመላለስ አንድ ሹፌር ኮሮላውን ይዞ መጣ። ሜዳ ላይ አይበራም፤ የሐረጎን ዳገት ሲይዝ ይበራል። ኮዱ ፒ0171። ሌላ ቦታ ኦክስጅን ሴንሰር ሁለት ጊዜ ተቀይሮለታል። "ወንድሜ፣ ሦስተኛውን ልግዛ ወይስ መኪናውን ልሽጠው?" አለኝ።

"አብሽር፣ መጀመሪያ ኮፈኑን ክፈት" አልኩት። ከአየር ማጣሪያው ወደ ስሮትል የሚሄደውን፣ እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፍ ጥቁር ላስቲክ ቱቦ ፈታሁት። ከላይ ሲያዩት ደህና ነው። እጥፋቶቹን በሁለት አውራ ጣቶቼ ሳለያያቸው ግን ከሥር በኩል፣ የጣት አንጓ የምታህል ስንጥቅ አፏን ከፈተች። ጠርዟ ላይ አቧራ ከዘይት ጋር ተጋግሯል። ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጥ ሞተሩ በመቀመጫው ላይ ይንጋደዳል፣ ቱቦው ይለጠጣል፣ ስንጥቁ ይከፈታል። ያልተለካ አየር ይገባል። ሜዳ ላይ መልሶ ይዘጋል። ሁለቱም ኦክስጅን ሴንሰሮች እውነቱን ነበር የሚናገሩት። ቱቦውን ቀየርን፣ መብራቱም ጠፋ።

ስለዚህ ኮዱን ስታዩ "ይህን ዕቃ ልቀይር" አትበሉ። "ይህ ንባብ በምን በምን ምክንያት ሊመጣ ይችላል?" በሉና ከርካሹ ጀምራችሁ አንድ በአንድ አጣሩ።

6. እንደ ኮዱ ፈትሹ

ቤንዚን አነሰ (ፒ0171 ወይም 25)

ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ፣ እየሠራ ጆሯችሁን አስጠጉ። የፉጨት ድምፅ ካለ አየር እየገባ ነው። ከማጣሪያው ጀምሮ ቱቦዎቹን ሁሉ እጠፉ፣ ከሥር ዳስሱ። ትንንሾቹን የቫኪዩም ቱቦዎችም ጭምር፤ ጫፋቸው ላይ ደርቀው ይሰነጠቃሉ። ከዚያ ከስሮትል በኋላ ያሉትን የቱቦ ጫፎችና የማኒፎልዱን (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለውን ቧንቧ) መጋጠሚያ ዙሪያ ጥቂት ጥቂት ውሃ እርጩ። የሆነ ቦታ ስትረጩ የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ እዚያ ጋ ክፍተት አለ። ውሃውን ከቦቢናና ከሶኬት አርቁ።

ቤንዚን የሚረጭ ሰው አይቻለሁ። በፍጹም እንዳታደርጉት። የጋለ ጭስ ማውጫ ከእጃችሁ አንድ ክንድ አይርቅም።

አንባቢው "ሎንግ ተርም ፉዌል ትሪም" የሚል መቶኛ ካሳየ በጣም ይረዳል። ኮምፒውተሩ ከልኩ ምን ያህል ቤንዚን እየጨመረ ወይም እየቀነሰ እንደሆነ ይናገራል። በሁለቱም አቅጣጫ እስከ 10 ድረስ አያሳስብም። በሚኒሞ ከፍ ብሎ፣ ዙሩን 2,500 ላይ ስትይዙት ከወረደ አየር ከማኒፎልድ በኩል እየገባ ነው። በሚኒሞ ደህና ሆኖ ጫና ላይ ከወጣ ደግሞ ቤንዚኑ አልደርስ ብሎ ነው፣ አለዚያም የአየር ፍሰት ሴንሰሩ አሳንሶ እየለካ ነው።

የአየር ፍሰት ሴንሰሩን ስታጸዱ ለእሱ የተሠራውን ስፕሬይ ብቻ ተጠቀሙ። ውስጡ ያለውን ቀጭን ሽቦ በጨርቅ፣ በብሩሽ፣ በጣት አትንኩት። ይበጠሳል። ደርቆ እስኪያልቅ ጠብቃችሁ ግጠሙ።

ሲሊንደር አይሠራም (ከፒ0301 እስከ ፒ0304)

የመጨረሻው ቁጥር ሲሊንደሩን ይነግራችኋል፤ ፒ0302 ሁለተኛው ነው። እያንዳንዱ ካንዴላ የራሱ ቦቢና ካለው ምርመራው ገንዘብ አይፈልግም። ሞተሩን አጥፉ፣ የሁለተኛውን ቦቢና ከሦስተኛው ጋር አቀያይሩ፣ ኮዱን ሰርዙ፣ ንዱ። ኮዱ ፒ0303 ሆኖ ከመጣ ጥፋቱ ቦቢናውን ተከትሎ ሄዷል፤ እሱን ቀይሩ። ፒ0302 ላይ ከቀረ ቦቢናው ንጹሕ ነው። ቀጥሎ ካንዴላውን በተመሳሳይ መንገድ አዛውሩ። እሱም ካልሆነ ኢንጀክተር ወይም የሲሊንደሩ ግፊት ነው፤ ለዚያ መካኒክ ያስፈልጋል።

ካንዴላ የሚፈታው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው። የቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ ራስ፣ ጥርስ አሉሚኒየም ነው፣ በጋለበት ከፈታችሁት ይላጣል።

የውሃ ሙቀት ሴንሰር (ከፒ0115 እስከ ፒ0118 ወይም 22)

መኪናው አድሮ፣ ጠዋት ሳይነሳ ቁልፉን አዙራችሁ በአንባቢው የውሃውንና የአየሩን ሙቀት አስተያዩ። ሁለቱም ወደ ሌሊቱ አየር ሙቀት የተጠጉ መሆን አለባቸው። ውሃው −40 ካለ ሽቦው ተበጥሷል ወይም ሶኬቱ ተነቅሏል። ከ130 በላይ ካለ ሽቦው የሆነ ቦታ ተነካክቷል። አንባቢ ከሌላችሁ ሴንሰሩን በኦም ለኩት፤ በብዙ ቶዮታዎች 20 ዲግሪ ላይ 2,500 ኦም አካባቢ፣ 80 ዲግሪ ላይ 300 ኦም አካባቢ ያሳያል።

ኦክስጅን ሴንሰር ማሞቂያ (ፒ0135)

ሶኬቱን ነቅላችሁ የማሞቂያውን ሁለት እግሮች በኦም ለኩ። ሲቀዘቅዝ በብዙ ቶዮታዎች ከ11 እስከ 16 ኦም ነው። ምንም ካላሳየ ማሞቂያው ተበጥሷል፤ እዚህ ላይ ሴንሰሩን መቀየር ትክክል ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ፊውዙን እዩ።

ካታላይተር (ፒ0420)

መጀመሪያ ጭስ ማውጫው ከካታላይተሩ በፊት እንዳያፈስ ፈትሹ። ሌላ ኮድ ካለ እሱን ቀድሙ። ሲሊንደር የማይሠራ መኪና ላይ አዲስ ካታላይተር መግጠም አዲሱንም ማቃጠል ነው።

ከፍታችንን አትርሱ

የማኒፎልድ ግፊት ሴንሰር ያለው መኪና ሞተር ጠፍቶ ቁልፍ ሲዞር የአካባቢውን የአየር ግፊት ያነባል። ኢንተርኔት ላይ "100 ኪሎ ፓስካል ገደማ መሆን አለበት" የሚል ታገኛላችሁ። እሱ ባሕር ዳርቻ ላለ መኪና ነው። ደሴ 75 አካባቢ ነው፤ ኮምቦልቻ፣ ከፍታዋ 1,850 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ 81 አካባቢ። በዚህ ምክንያት ደህናውን ሴንሰር የጣለ ሰው አውቃለሁ። ሴንሰሩን መሞከር ከፈለጋችሁ ደሴ ላይ አንብቡ፣ ኮምቦልቻ ወርዳችሁ አንብቡ። አምስት ስድስት ያህል ከጨመረ በትክክል እየለካ ነው።

7. ሶኬትና ሽቦ ነቅንቁ

ዕቃው ደህና ከሆነ መንገዱን እዩ። ሞተሩ እየሠራ፣ አንባቢው ንባቡን እያሳየ፣ ወደ ሴንሰሩ የሚሄደውን ሽቦ ቀስ ብላችሁ ነቅንቁ። ቁጥሩ ከዘለለ ወይም ሞተሩ ካመነታ እዚያ ነው። ሶኬቱን ግን ሞተሩና ቁልፉ ጠፍቶ ብቻ ንቀሉ፤ ሞተር እየሠራ መንቀል አዲስ ኮድ ይጨምራል። ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ወይም ዘይት ካለ በኤሌትሪክ ማጽጃ አጽዱ። የሽቦ መጋጠሚያ ላይ ፕላስተር ተጠቅልሎ ካያችሁ ክፈቱት። ብዙ ጥፋት ያገኘሁት ፕላስተር ሥር ነው።

8. ጠግኑ፣ ሰርዙ፣ ንዱ

አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ሁለት ሦስት ባንዴ ከቀየራችሁ የቱ እንዳዳነው አታውቁም።

ኮዱን በአንባቢው ሰርዙ። በቆዩት ቶዮታዎች ቁልፉ ጠፍቶ "ኢኤፍአይ" (EFI) የሚለውን ፊውዝ ለግማሽ ደቂቃ አውጥታችሁ መልሱ። ባትሪ መንቀልም ይሰርዛል፣ ግን ኮምፒውተሩ የተማረውን ሚኒሞ ይረሳና ለጥቂት ጊዜ ሊዋዥቅ ይችላል።

ከዚያ ንዱት። ለዚህ የተሻለ መንገድ ያለን አይመስለኝም። ጠዋት ቀዝቅዞ ሳለ አስነሱ፣ ከተማ ውስጥ አሙቁት፣ በማርሽ እየያዛችሁ ኮምቦልቻ ውረዱ፣ ትንሽ ቆማችሁ ሐረጎን መልሳችሁ ውጡ። ብርድ፣ ሙቀት፣ ቁልቁለት፣ ጫና ሁሉም አለበት። ስልኩን አጠገባችሁ ያለ ሰው ይያዘው፣ ሹፌር አይመልከት።

ባንድ ቀን አትፍረዱ። ብዙ ጥፋቶች መብራት የሚያበሩት በሁለት ተከታታይ ጉዞ ሲታዩ ነው። በተቃራኒው ኮዱን ሳትሰርዙ ብትጠግኑም፣ ባለ 16 ቀዳዳዎቹ መኪኖች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ንጹሕ ጉዞ ሲሞላ መብራቱ በራሱ ይጠፋል።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

- ኮዱ ላይ የሴንሰር ስም ስላለ ሴንሰር መግዛት። ከላይ ያየነው ነው።
- ለቦሎ ምርመራ ሲደርስ ኮዱን ሰርዞ መሄድ። ጥፋቱ ካልተጠገነ ተመልሶ ይበራል።
- ሞተሩን በከፍተኛ ግፊት ውሃ ማጠብ። ውሃው የካንዴላ ጉድጓድ ውስጥ ይቀራል፣ በማግስቱ ሞተሩ በሦስት ሲሊንደር ይነሳል። አቧራውን በብሩሽና በእርጥብ ጨርቅ አውርዱ።
- ከሌላ መኪና የወጣ ኮምፒውተር "ለሙከራ" መግጠም። ቁጥሩ የማይገጥም ከሆነ ችግር ትጨምራላችሁ፤ ቁልፉን የሚያውቅ ዓይነት ከሆነም መኪናው ላይነሳ ይችላል።
- የናፍጣ መኪና ባለቤቶች ደግሞ የጠመዝማዛ ሽቦ ምልክቷን ቼክ ኢንጅን ይሏታል። የማሞቂያ ካንዴላ ናት፤ በብዙዎቹ ቁልፍ ስታዞሩ በርታ መጥፋቷ ደህና ነው።

የማትነኩት አንድ አለ፦ የኤርባግ መብራት። የኤርባግ ሽቦን በቴስተር መለካት ራሱ ሊያፈነዳው ይችላል። ቢጫ ሶኬትና ቢጫ ሽቦ ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ካልተገኘ ጋራዥ ስትሄዱ "ሴንሰር ቀይርልኝ" አትበሉ። ወረቀታችሁን ስጡት። "ኮዱ ፒ0171 ነው፣ ሲቀዘቅዝ አይበራም፣ ሐረጎ ላይ በሦስተኛ ማርሽ ይበራል፣ ቱቦዎቹን አይቻለሁ፣ ማሳው 0.1 ቮልት ነው፣ የአየር ፍሰት ሴንሰሩን አጽድቻለሁ" በሉት። እንዲህ ብሎ ለሚመጣ ሰው እኔ በቀጥታ የነዳጅ ፓምፑን ግፊት ነው የምለካው።